ከፎቶህ ጀርባ የነበረው ሌላ ሰው ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኡበይድ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለው ወይ? በረሃው ቀን እየጠበሰ ሌሊት ያንቀጠቅጣል ብለኸን ነበርና ምን ለብሰህ ነው የምታድረው? ከበጎቹ አጠገብ ነው ወይስ አሁን ክፍል ሰጡህ? የአሠሪህስ ጠባይ እንዴት ሆነ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷ እንደምታውቀው ነው፣ አንዳንድ ቀን እሺ ይላታል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ። ማሽላው ታጭዶ ገብቷል። ሰሚሃም ቤት ናት። ይህችን «ሰሚሃ ቤት ናት» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ መልሼ እንዳነበብኳት ብታይ፣ የቀረውን ሳልነግርህ ግማሹ ይገባህ ነበር።

በዚህ ዘመን ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው አለ ወይ ትል ይሆናል። እኔም እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በስልክ የሚመጣውንም የሚሄደውንም ጽሑፍ ማመን አቃተኝ። ስለዚህ ይህን ለኡሙሰልማ ሰጥቻታለሁ። እዚያው ዐረብ አገር፣ ጣኢፍ የምትሠራው ጎረቤታችን ናት፤ ለእረፍት መጥታ ነበርና በዚህ ሳምንት ትመለሳለች። «በገዛ እጁ ካልተቀበለኝ ለማንም አልሰጥም» ብላ ምላልኛለች። በአሠሪህ ስልክ ያወራን ዕለት መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማኸኝም፤ የሰማኸውንም «ማን? እኔ? እኔ አልጻፍኩም» እያልክ ነው የሰማኸው። አሁን አረፍ በልና ከሥሩ ልንገርህ።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም ነው። የታናሻችን የሰሚሃ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እንዳሰበችው ሳይሆን ሲቀር ክፉኛ ተሰበረች። ለእኔም ለእናታችንም ምንም አላለችም፤ ክፍሏን ዘግታ በፌስቡክ ለአንተ ጻፈች። አፍራ ከሰው ፊት መውጣት እንዳቃታት፣ ከዚህ አገር መጥፋት እንደምትፈልግ፣ ሁሉንም ጻፈችልህ። አንተ ግን ያንን አላየኸውም። ያየው ሌላ ሰው ነው። የመለሰላትም እሱ ነው።

ፎቶህ ያው ነው፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሰህ በጎቹ መካከል የቆምክበት። ስምህም ያው ነው። በላዩ ላይ ከአንተ ጋር የስንት ዓመት ወሬያችን አለ፤ ያንን ሁሉ ቁጭ ብሎ አንብቦታል። ስለ እናታችን ጉልበት ያውቃል። ሰሚሃ ከእኔ ጋር በምን እንደተኳረፈች ያውቃል። ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ፣ ላሚቱ መቼ እንደወለደች፣ እኔ ከባለቤቴ የተለየሁበትን ምክንያት ሳይቀር ያውቃል። ከአፍህ የማይጠፋውን «አብሽሪ»ን እንኳ ወስዶታል። «አብሽሪ እህቴ፣ እኔ እያለሁልሽ» እያለ ነበር የሚጽፍላት። ገመናችንን በሙሉ አንድ የማናውቀው ሰው ገልጦ አይቶት፣ ያንኑ መልሶ እንደ ወንድም ሲያጽናናት ከረመ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልብሴን ሰው የገፈፈኝ ይመስለኛል።

ድምፅህን ላክልኝ ስትለው «የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል፣ በጽሑፍ ብቻ» አላት። ውሎ አድሮ ደግሞ የአሠሪህ እህት ሠራተኛ እንደምትፈልግ፣ አንተ ሁሉን ጨርሰህ እንዳዘጋጀህ፣ አንድ ጓደኛህ ከቢስቲማ ተቀብሎ በአፋር በኩል እንደሚያሻግራት ነገራት። እሷም በመኪናም በባሕርም መሄዱ እንደሚያስፈራት ጻፈችለት። «ወንድምሽ ወደ ክፉ ይልክሻል?» አላት። ከዚያ በኋላ ምን ትበል? ለኑርሀያት ግን እንዳትነግሪያት አላት፤ አስተማሪ ስለሆነች ከመጽሐፍ ሌላ መንገድ ያለ አይመስላትም፣ ትከለክልሻለች አለ። ጎረቤታችንን ሀውራንም ለብቻዋ ጠራት። የሀውራን ነገር ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ፤ እሱ ለብቻው የሚነገር ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሰሚሃ ለእናታችን ደሴ ኮሌጅ ልመዘገብ ነው ብላ ወጣች። እናታችን ዱዓ አድርጋ፣ ግንባሯን ስማ ሸኘቻት። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ልጆቹ ሲጽፉ ስልኬ ጠራ፤ ዑምኩልሱም ናት፣ የአጎታችን የኑርዬ ልጅ፣ ከአምባሰል ከውጫሌ። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ ስለማታውቅ ወጥቼ አነሳሁት።

«ኑርሀያት፣ ኡበይድ ጤነኛ ነው?» አለችኝ።

ምን ሆነሻል አልኳት። «ትናንት ጻፈልኝ። ሥራ አግኝቼልሻለሁ፣ ከሰሚሃ ጋር አብራችሁ ኑ አለኝ። እሱ ይሁን። በመጨረሻ ግን ‹አባትሽን ሰላም በይልኝ፣ ዱዓ ያድርግልኝ› አለኝ» አለች። ቀስ ብላም፣ «የሞተውን አባቴን ሰላም በይልኝ አለኝ እኮ» አለች።

አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገን አጎታችን ኑርዬ ባለፈው ዓመት አኼራ ሲሄድ፣ አንተ በአሠሪህ ስልክ ላይ እንዴት እንዳለቀስክ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። አሠሪህ ስልኩን ከእጅህ ወስዶ በማናውቀው ቋንቋ ሲያባብልህ ሰምተናል። መርዶ ደግሞ በጽሑፍ አይነገርም። ስለዚህ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ የአጎታችንን ሞት በፌስቡክ አልጻፈልህም፣ አንተም አልጻፍክልንም። ሁሉን ያነበበው ሰው ያልተጻፈውን ሊያውቅ አልቻለም።

ወላሂ ኡበይድ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። በረሃው ወንድሜን አሳበደው አልኩ በልቤ። «ከሰሚሃ ጋር» ያለችው ቃል ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ሰሚሃ ጋ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው፤ የአሠሪህም አይነሳም። እናታችን ጋ ደወልኩ፤ «ደሴ ናት፣ ምነው?» አለችኝ። ምንም አልኩና ዘጋሁት። ክፍሉን ለጎረቤቴ መምህር ሰጥቼ፣ ጠመኔውን በእጄ እንደያዝኩ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ጋሽ ዝናው ሚኒባሱን አቁሞ የደሴ ተራ ይጠብቃል። የበላያችን ጎረቤት ዝናውን ማለቴ ነው፤ አንተ ስትሄድ ኮምቦልቻ ድረስ የሸኘህ። ሰሚሃን አይተሃታል ወይ ስለው፣ «እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ አልተነቃነቅኩም፤ ለደሴ ብትመጣ ሰላም ሳትለኝ ታልፋለች?» አለኝ። ተራ አስከባሪውን ጠርቶ ጠየቀው። ልጁ አላመነታም፤ ሻንጣ ይዛ በቢስቲማ መኪና ስትሳፈር አይቷታል። የጋሽ ዝናው ፊት ያን ጊዜ ነው የተለወጠው። የቢስቲማን መንገድና ከዚያ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ያውቀዋል። የገቡለትን ተሳፋሪዎች «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በሌላ ሂዱ» ብሎ አወረዳቸው። አንዲት ሴትዮ ለምን እያለች ስትቆጣ፣ «ልጅ ልትጠፋብን ነው» አላት። ሴትዮዋ ዕቃዋን አንስታ ወረደች።

በመንገድ ላይ እኔ ዑምኩልሱም ያለችኝን ነገርኩት፤ እሱ ደጋግሞ «ፎቶው የሱ ነው? ስሙስ?» ይለኛል። የሱ ነው ስለው ራሱን ይነቀንቃል። «ጭፍራ ከወረደች አናገኛትም» አለ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ብቻ ነው ያየው።

ቢስቲማ ስንደርስ እኔ ወርጄ ልሮጥ ስል «ተይ፣ ባዶ እጃችንን አንሄድም» ብሎ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ወሰደኝ። አንድ ሳጅን አብሮን ወጣ። ከከተማው መውጫ፣ ወደ ጭፍራ በሚወስደው በኩል፣ ከአንድ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ጀርባ ግቢ አለ። ገብተን ስናይ ሴቶች ልጆች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰሚሃ ከመካከላቸው ናት። ስሟን እየጠራሁ ሮጥኩ። ያስቀመጣቸው ሰውዬ የፖሊሱን ልብስ ሲያይ በጓሮ በኩል ዘሎ ጠፋ፤ መኪናውም ገና አልመጣም ነበር።

ያገኘኋት ጊዜ አቅፋኝ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተቆጣች። «ምን አመጣሽ? ኡበይድ ነው የጠራኝ፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አለችኝ በሰው ፊት። አይደለም፣ እሱ አይደለም ብላት አልሰማ አለችኝ። ስልኳን አውጥታ ፊቴ ላይ ደቀነችው። አዲስ ሲም ገዝታ እንድታስገባ አድርጓታል፤ ለዚህ ነው የድሮው ቁጥሯ የተዘጋብኝ። እየተከራከርን መልእክት ገባ። ፎቶህ፣ ስምህ፣ ከሥሩ ደግሞ «ኑርሀያት ብትደርስብሽ አትስሚያት። ከድሮም ለአንቺ በጎ አትመኝም» ይላል። ያንተ እንዳልሆነ እያወቅኩ፣ ዓይኔ ፎቶህን ስላየ ብቻ ልቤ ቃሉን አመነው። ለአንዲት ቅጽበት ወንድሜ ጠላኝ ብዬ አዘንኩብህ። ይህን ልደብቅህ አልፈልግም፤ ሰሚሃን ሞኝ ናት እንዳትል ነው የምነግርህ።

«እሺ፣ እሱ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቂውና እኔ ልመለስ» አልኳት። «አጎቴ ኑርዬን ሳልሰናበተው እንዴት እሄዳለሁ በይው።»

ሰሚሃ ደነገጠች። የሞተ ሰው ስም በዚያ ቦታ መነሳቱ አስፈራት። ግን ጻፈችለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ትናንት በስልክ አውርቼዋለሁ። በጣም ነው ደስ ያለው። መርቆሻል፣ በሰላም ትሂድ ብሎሻል» ይላል።

አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ስልኩን እንደ ጋለ ነገር መሬት ላይ አስቀመጠችና ከአጠገቡ ፈቀቅ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ ይሄ ማን ነው?» አለችኝ። ማን ልበላት? ጋሽ ዝናው ወደ አጥሩ ዞሮ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ሳጅኑ ሌሎቹንም ልጆች ማን እንደጠራቸው ጠየቃቸው። አንደኛዋ ወንድሜ አለች። ሌላዋ ቤይሩት ያለችው አክስቴ አለች። «በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ደውሉላቸው» አላቸው። አክስትየዋ ስልኩን ስታነሳ ድምፅዋ ለሁላችንም ይሰማ ነበር፤ «የምን ቢስቲማ? ማን ጠራሽ? እኔ ፌስቡኬ ከተዘረፈ ሰንብቷል እኮ» ትላለች። ልጅቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ ኡበይድ፤ ሰውየው አንተን ብቻ አይደለም የሆነው። ስንቱን ወንድም፣ ስንቷን አክስት ሆኗል።

ማታ ለእናታችን ነገርናት። ስልኩን አምጡት አለች። ፎቶህን አየችው፣ በጣቷ ነካችው። «ይሄ ልጄ ነው። ታዲያ የሚናገረው ማን ነው?» አለችን፤ ልክ እንደ ሰሚሃ። ልናስረዳት ሞከርን። በመጨረሻ ስልኩን በፊቱ ደፍታ በነጠላዋ ሸፈነችው። እስከ ዛሬም ያንን ስልክ ደፍታ ነው የምታስቀምጠው።

በማግስቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን የኮምፒዩተር መምህርት ምስክርን ይዣት መጣሁ። በአሠሪህ ስልክ የተደወለልህ ያን ዕለት ነው፤ ያቺ «የይለፍ ቃልህ ምን ነበር?» ብላ የጠየቀችህ ሴት እሷ ናት። «ስልክ ቁጥሬ» አልካት። «የኢሜይልህስ?» ስትልህ «እሱም ያው ነው» አልካት። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ምስክር ስልኩን አስቀመጠች። ቀጥላም በራሷ ስልክ ያንተን ገጽ ከፈተችና አሳየችኝ። ከፎቶህ ሥር፣ ዘመድ እንዲያገኝህ ብለህ፣ ስልክ ቁጥርህን ለዓለም ሁሉ ጽፈኸዋል። «በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሄደው» አለችኝ። እኔ እንግዲህ ያንን ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አስበው። ሁላችንም አይተነዋል። ቁልፍ መሆኑን ግን አናውቅም ነበር።

ልትሄድ ስትል አንድ ሞባይል ቤት ገብተህ እንዳስከፈትከው ትዝ ይለኛል። እንዳትረሳው ብለው ቁጥርህን አደረጉልህ፤ አንተም አልቀየርከውም። ማን እንደገባበት እስካሁን አልታወቀም፤ ደሴ ያሉት ፖሊሶች እየተከታተሉት ነው። ምስክር እንደምትለው ግን የሚያውቀን ሰው መሆን አያስፈልገውም። እንዲህ ያሉ ሰዎች የስንቱን ስልክ ቁጥር፣ የስንቱን ስምና የልደት ዓመት እየሞከሩ ነው የሚውሉት፤ የተከፈተላቸው ቤት ይገባሉ። በኢሜይልህ በኩል ደግሞ አንተኑ ከገዛ ቤትህ አስወጥተው ቆለፉብህ። በመስከረም «አልገባም አለኝ፣ ረስቼው ይሆናል ብዬ ተውኩት» አላልክም? ያን ጊዜ ሰውየው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ፣ ከእንግዲህ አልከፍትም ካለህ ረስቼው ነው ብለህ አትተወው። የማንንም ስልክ ለምነህም ቢሆን ደውልና «ስሜ ከእጄ ወጥቷል፣ እንዳታምኑት» በለን።

ምስክር እንድታደርገው ያዘዘችውን ልንገርህ፤ እኔም ቤት ውስጥ ያለውን ስልክ ሁሉ አስተካክያለሁ። የሰሚሃ የይለፍ ቃል የራሷ ስም ነበር፣ ከኋላው አንድ ሁለት ሦስት። በየቤቱ እንዲህ ነው አለች ምስክር። አዲስ ስትከፍት ከኢሜይልህ ጀምር፤ የሌላው ሁሉ በር የሚከፈተው በሱ በኩል ነውና። ቃሉ ረጅም ይሁን። ስምህን፣ ዓመተ ምሕረትን፣ የልጅነት ስምህን፣ የአገራችንን ስም አታስገባ፤ ሰው የሚያውቀውን ተረትም አትጠቀም። አራት አምስት የማይዛመዱ ቃላት ከራስህ ፈልገህ ደርድር፤ አንተን ብቻ የሚያስቅህ ነገር ከሆነ አትረሳውም። ለኢሜይሉ ያደረግከውን ለፌስቡኩ አትድገመው፤ አንዱ ከተሰረቀ ሌላው እንዲቀርልህ። እንዳይጠፋብህ ከፈራህ ወረቀት ላይ ጽፈህ ሻንጣህ ሥር ደብቀው፤ ፎቶ አንስተህ ስልክህ ውስጥ ግን አታስቀምጠው። በአሠሪህ ስልክ ገብተህ ከነበረ፣ ከሁሉም ስልክ ላይ አስወጣኝ የሚል ቦታ አለ፣ እሱን ተጫን።

ደግሞ ሁለተኛ በር አለ። ቃልህን ካስገባህ በኋላ በስልክህ አንድ ቁጥር ይላክልሃል፤ ያንን ካላስገባህ አይከፈትም። እንዲከፈትልህ ጠይቀህ አስተካክለው። ያንን ቁጥር ግን ለሰው አትንገር። «የካምፓኒው ሠራተኛ ነኝ» ለሚልህም፣ ለጓደኛህም አትንገር። እኔ ኑርሀያት ነኝ፣ ቶሎ በል፣ እናታችን ታማለች ብዬ ብለምንህም አትንገረኝ። ይህን ለወንድሜ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ግን በፎቶህ የተታለልን ሰዎች ነን፣ አንተም በፎቶዬ ልትታለል ትችላለህ።

በቤታችን የተስማማነው አንድ ነገር አለ። ስለ መንገድ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ማንኛውም ከባድ ነገር ድምፅ ሳንሰማ አንነቃነቅም። ከዚያም አንድ ጥያቄ አለን፤ መልሱ የትም ተጽፎ የማያውቅ። እዚህም አልጽፈውም። ስትደውል እናታችን ራሷ በጆሮህ ትነግርሃለች።

ሰሚሃ አሁን ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ስልክ ግን አትይዝም። ሰሞኑን ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት እየመጣች ከኋላ ትቀመጣለች፤ ፈተናውን እንደገና እወስዳለሁ ብላለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «በመስከረም ሞት ተመኝቼ ነበር። ያን ጊዜ ያጽናናኝ እሱ ነው። ተጽናንቼም ነበር እኮ፤ አሁን ያንን ምን ላድርገው?» አለችኝ። መልስ ካለህ አንተ ንገራት።

አሁን የሀውራን ነገር ልንገርህ። ሀውራ ቢስቲማ ግቢ ውስጥ አልነበረችም። ከዚያ በፊት በነበረው መኪና ሄዳለች። ቤተሰቦቿ አክስቷ ዘንድ ናት ብለው ነበር። እናቷ ሲነገራት ራሷን ሳተች። ስትነቃ ስልክ አምጡልኝ አለችና ወደዚያው በስምህ ወደተከፈተው ገጽ መጻፍ ጀመረች። «ኡበይድ አይደለህም፣ አውቄያለሁ። ማንም ሁን። ልጄን መልስልኝ» እያለች። ተይ ብንላትም አልሰማ አለች፤ ልጇ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነዋ። ገጹ ቶሎ ያልተዘጋው ለዚህ ነው፤ ፖሊሶቹም ቆዩ አሉ። ሰውየው አንድም ቀን አልመለሰላትም። ማንበቡ ግን ይታይ ነበር። እየጻፈች፣ እያነበበ፣ ዝም። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው በወንድሜ ስም ውስጥ ኖረ።

አልሐምዱሊላህ፣ ከሚሌ ወዲያ ኬላ ላይ መኪናውን አስቁመው ልጆቹን አወረዷቸው። ፖሊስ ነው ይዟት የመጣው። ከስታለች፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ሌላ ነገር አልደረሰብኝም ትላለች፣ እኛም አልመረመርናትም። እሷ ከተመለሰች በኋላ ምስክርና እኛ ሁላችንም አመልክተን ገጹን አስዘጋነው።

ሀውራ እንዴት አምና እንደሄደች ስጠይቃት ስልኳን ሰጠችኝ። ለሰሚሃ ሥራ ነበር የላከላት፤ ለሀውራ ግን ፍቅር ነው የላከላት። አሥረኛ ክፍል ሳላችሁ ጀምሮ በልብህ እንደነበረች፣ እንደምታገባት፣ ቤት እንደምትከራይላት፣ ገጽ በገጽ ነው። ማንበቡን መጨረስ አልቻልኩም። ይህ ሁሉ ያንተ እንዳልሆነ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ስልኩን ወስዳ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ከመስከረም በፊት ወዳለው ወሰደችውና አንዲት መስመር አሳየችኝ። «ዒድ ሙባረክ ሀውራ፣ ዘንድሮም አረንጓዴውን ለበስሽ?» ይላል። ለዐረፋ የተጻፈ ነው። በቀኑ ስናየው ያ ያንተ ነው፤ ሰውየው ገና አልገባም ነበር። እሱ ከዚህች መስመር ነው የተነሳው፤ ቀሪውን በላይዋ ገነባበት።

«ይቺንስ ኡበይድ ነው የጻፋት?» አለችኝ። በቀኑ የኡበይድ ናት አልኳት። «ቀኑን አይደለም የጠየቅኩሽ» አለችኝ። የገባኝን ያህል ገባኝ፤ ከልብህ ነበር ወይ ማለቷ ነው። ከሷ ዘንድ ለአንተ ያመጣሁት ይህን ጥያቄ ነው። የምትመልሰውን አላውቅም፣ እኔም አልመክርህም። እውነቱ ባዶ ሰላምታ ከሆነም ሰላምታ ነው በላት፤ ትችለዋለች። ብቻ በጽሑፍ እንዳትመልስላት። ደውልላትና ድምፅህን ትስማው።

እናታችን «ጉልበቴ ደህና ነው በይው፣ አላህ ዓይኑን ያሳየኝ» ብላሃለች። ሰሚሃ አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች። ዑምኩልሱም ከነእናቷ ሰላም ብላሃለች፤ የአባቷን ቀብር ሣር አጭደው አጥረውታል። ምስክር ሰላም ብላሃለች፣ የጻፍኩትን ሁሉ ሳታደርግ እንዳትተኛ ትላለች። ጋሽ ዝናውም ከነቤተሰቡ እጅ ነስቶሃል፤ «ኡበይድ ነኝ ብሎ ቢመጣ እንኳ ፊቱን አገላብጬ ሳላይ አላሳፍረውም በይው» ብሎ አስቆናል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቅነው ያን ዕለት ነው። የሀውራ እናት ዱዓ ታደርግልሃለች፣ ቂም የላትም።

ሀውራ ሰላም በይልኝ አላለችም። ስልኳ ይጠራ ይሆናል ብላ ከእጇ ሳትለየው ነው የምትውለው።

እህትህ ኑርሀያት
ሐይቅ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.